ሙስታንጌን ለካልጋሪ በረዶ እንዴት እንዳዘጋጀሁት፣ ከአጎቴ ጋር ጎንደር ላይ ያወራነው

ጎንደር ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ጥምቀትን ፋሲለደስ መዋኛ ለማክበር ነው የመጣሁት። ትናንት ማታ ማራኪ ካለው የእናቴ ቤት በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን ነበር፤ እኔ፣ አጎቴና የጎረቤታችን ልጅ። ልጁ ፕሮሰሱ አልቆለት በሚቀጥለው ወር ወደ ካልጋሪ ይመጣል፣ ካናዳ ውስጥ እኔ ወዳለሁበት ከተማ። ስልኬ ላይ የመኪናዬን ፎቶ ሲያይ ዓይኑ በራ። «ጋሼ፣ እኔም መጀመሪያ የምገዛው ይሄን ነው» አለኝ።

ተው አላልኩትም። እኔም በእሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ግን የመጀመሪያ የካልጋሪ ክረምቴን ነገርኩት፤ ለእናንተም ልጻፈው፣ በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት የአገሬ ልጆች እንደኔ ሲንሸራተቱ አይቻለሁና።

መኪናው ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ነው። ባለ 5 ሊትር፣ 8 ሲሊንደር፣ 460 የፈረስ ጉልበት፣ ማርሹ በእጅ። ሦስት ዓመት ሌሊት ሌሊት ሠርቼ ባጠራቀምኩት ነው የገዛሁት፣ ሐምሌ ላይ፣ እዚያ በጋ ነው፣ ፀሐይ በፀሐይ ሆኖ። ያን ሁሉ ጉልበት የሚያወርደው ለኋላ ጎማዎች ብቻ ነው። የሸጠልኝ ሰው ስለ ጎማው አንድም ነገር አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጎማው ለበጋ ብቻ የተሠራ ነበር።

የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ላስቲኩ መድረቅ ይጀምራል። በረዶው ገና ሳይወርድ ማለት ነው፣ መንገዱ ደረቅ ሆኖ ሳለ። ዜሮን አልፎ ሲወርድማ ጭራሽ ይደነድናል። አዲስ በረባሶ አጥልቆ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሮጠ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው በረዶ ወረደ። ከሥራ ስመለስ አንዲት ቁልቁለት አለች፣ ግርጌዋ መብራት አለ። ቀይ ሲበራ ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ትር ትር ትር አለ፣ መኪናው ግን ልክ እንዳልያዝኩት ቁልቁል ሄደ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። አፍንጫው ወደ ፊት፣ ጭራው ወደ ጎን። የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መትቶ ቆመ። ፌርማታው ላይ አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ ይዛ ቆማለች፣ ከእኔ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ጋሪውን ብቻ ወደ ኋላ ሳበችው። ቸርኬው ተጣመመ፣ ይሠራል፤ እጄ ግን እስከ ቤቴ ድረስ መንቀጥቀጡን አልተወም። ያቺን ጋሪ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በማግስቱ ጎማ ቤት ሄድኩ። «የኋላ ጎማ ነው የሚገፋው፣ ለኋላ ሁለት የክረምት ጎማ ይበቃሃል» አሉኝ፤ ብር ማዳን ፈልጌ አመንኳቸው። መኪናው አሁን ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ግን አይታጠፍም! ከፊት ያሉት የበጋ ጎማዎች ናቸዋ። መሪ ታዞራለህ፣ እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሚያዞርህም ከፍሬኑ ሥራ ትልቁን የሚሠራውም የፊት ጎማ ነው። ስለዚህ አራቱንም ቀይሩ። ሁለት በፍጹም አይሆንም። ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና የገዛችሁም እንዳትዘናጉ፤ ለመነሳት ይረዳችኋል እንጂ ለመቆም ምንም አይጨምርላችሁም። መኪናን የሚያቆመው መጨረሻ ላይ ጎማው ነው።

ጎማው ጎን ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ምልክት አለ፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት። እሱን ፈልጉ። የእኔ መኪና ከ19 ኢንች ቸርኬ ጋር ነው የመጣው፤ ለክረምት ወደ 18 ኢንች ወረድኩ፣ 235/50 (ወርዱ 235 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የዚያ ግማሽ)። ጠበብ ያለ ጎማ በረዶውን ሰንጥቆ መሬት ይነካል፣ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የጎማው ጎን ወፈር ማለቱ ደግሞ ቸርኬውን በረዶ ከሸፈነው ጉድጓድ ያድነዋል። የስፖርት መኪና ፍሬን ትልቅ ስለሆነ ግን ትንሹ ቸርኬ ፍሬኑን ሳይነካ መግባቱን ሳታረጋግጡ እንዳትገዙ። ካስገጠማችሁ በኋላ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ሳትሞሉ ብሎኖቹን መልሳችሁ አስጠብቁ።

ንፋሱም አለ። ብርዱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የጎማው ንፋስ 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይወርዳል። 20 ዲግሪ ላይ 32 የሞላችሁት ጎማ ከዜሮ በታች 20 ላይ 25 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጎማው አልተበሳም፣ ብርዱ ነው።

እዚህ ላይ አጎቴ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ «እና እንዴት ነው ቁልቁለቱን የምትወርደው?» አለኝ።

አጎቴን አያ ነው የምንለው። ጡረታ እስኪወጣ ሹፌር ነበር፣ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይዞ የሊማሊሞን ገደላማ መንገድ ሲመላለስ የኖረ። ልጅ ሆኜ አንዴ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ወስዶኛል። ከደባርቅ ወጥተን ገደሉ አፉን ሲከፍት እግሬን ከወለሉ ጋር አጣበቅኩ። እሱ ግን እግሩ ከፍሬኑ ላይ የለም። ግራ እጁ መሪው ላይ፣ ቀኙ ማርሹ ላይ፣ ሞተሩ ብቻ እያቃሰተ መኪናውን ይይዘዋል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይለኝ ነበር። «ፎሌ አድርገህ፣ ማርሹን አውጥተህ ከለቀቅከው እግዜርም አይመልሰውም።»

ከዚያ አደጋ በኋላ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው። ቁልቁለት ከመጀመሬ በፊት ፍጥነቴን ቀንሼ፣ ሁለተኛ ማርሽ ይዤ፣ ሞተሩ እንዲይዘኝ ማድረግ ጀመርኩ። ግን ለአያም እንደነገርኩት የሊማሊሞ ሕግ በረዶ ላይ እንዳለ አይሠራም። የእሱ መኪና ጭነት የተጫነበት ከባድ ነው፣ የኔው ጭራው ቀላል ነው። ማርሽ ቀንሼ ፍሪሲዮኑን በድንገት ከለቀቅኩ የኋላ ጎማዎቹ ያዝ ይደረጉና መኪናው ይሽከረከራል። ስለዚህ ቀድሜ እቀንሳለሁ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ እለቃለሁ።

«ስትነሳስ?» አለ አያ። በሁለተኛ ማርሽ ነው የምነሳው አልኩት። አልተዋጠለትም። «ጭቃ ላይ በአንደኛ ነው የሚወጣው፣ ጃል!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለጭነት መኪና። የኔው ግን አንደኛ ላይ ጉልበቱ ስለሚበዛ ጎማው ባለበት ይሽከረከርና ሥሩ ያለውን በረዶ አቅልጦ መስተዋት ያደርገዋል። ሁለተኛ ላይ ጉልበቱ ይለሰልሳል። የበረዶ ሞዱንም አበራለታለሁ፣ ለነዳጁ ምላሹን ያረጋጋዋል። ማንሸራተት መከላከያውን ሁልጊዜ አብርታችሁ ንዱ፤ የምታጠፉት በረዶ ውስጥ ተቀርቅራችሁ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ለመውጣት ስትሞክሩ ብቻ ነው።

አያ ትንሽ አሰበና «በረዶው አንድ ዓይነት ነው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በአማርኛ ሁሉንም በረዶ እንለዋለን፤ ለሹፌር ግን ይለያያል። አዲስ የወረደው ለስላሳው ይሻላል፣ ጎማ ይነክሰዋል። መኪና የረገጠው የተጠቀጠቀው ይብሳል። የሁሉም ክፉ ብላክ አይስ ነው፤ አስፋልቱ የረጠበ ይመስልሃል እንጂ በረዶ መሆኑን አታየውም። ካልጋሪ ደግሞ ቺኑክ የሚባል ከተራሮቹ የሚወርድ ሞቃት ነፋስ አላት። ጠዋት ከዜሮ በታች 20 የነበረው ከሰዓት ሊቀልጥ ይችላል፣ ማታ መልሶ ይጋገራል። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት በቲሸርት በሚወጣበት በዚያ ቀን ማታ ነው እኔ በጣም የምጠነቀቀው።

ሞተሩንም አትርሱት። ከዜሮ በታች 18 ላይ ባትሪ ጉልበቱ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚህ ጥቅምት ሳያልቅ አስመርምሩ። የራዲያተሩ ውሃ ግማሽ በግማሽ ከፀረ በረዶ ጋር ከተቀላቀለ ከዜሮ በታች 37 ድረስ ይችላል። የመስታወት ማጠቢያውንም የበጋውን አፍስሳችሁ የክረምቱን ሙሉ፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ የጨው ጭቃ መስታወቱን ሲሸፍነው ዕውር ትሆናላችሁ። ሞተር ማሞቂያም አስገጠምኩ። ከመኪናው አፍንጫ ሥር ሽቦ ይወጣል፣ ማታ ማታ እንደ ካውያ ግድግዳው ላይ ይሰካል። ልጁ ይሄን ሲሰማ «መኪና ሶኬት ላይ?» ብሎ አላመነኝም፣ ፎቶ አሳየሁት።

ከኋላ አካፋ፣ አንድ ከረጢት አሸዋ፣ ብርድ ልብስና ሻማ አለኝ። አሸዋው ለክብደትም ለመውጫም ነው። መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ብረት ስለሚበላ አየሩ ሞቅ ባለ ቁጥር የመኪናውን ሆድ አሳጥባለሁ። ካጠብኩ በኋላ የእጅ ፍሬን አልስብም፣ ሽቦው ጋግሮ ይቀራል። ማርሽ ውስጥ እተወዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የረዳኝ ግን እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በፊት ባዶ የሱቅ መኪና ማቆሚያ ፈልጌ ልምምድ ማድረጌ ነው። ሰው የለ፣ ምሰሶ የለ። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ይዤ የት እንደምቆም አየሁ። ጭራው ሲሄድብኝ ዓይኔን ልሄድበት ወደፈለግሁት አቅጣጫ አድርጌ መሪውን ቀስ ብዬ መመለስን እጄ እስኪለምደው ደጋገምኩት። አራት እሑድ ፈጀብኝ።

ልጁ ሁሉንም ስልኩ ላይ ሲጽፍ ነበር። አያ የጎማውን ፎቶ ተቀብሎኝ በጣቱ እያሰፋ ጥርሶቹ ላይ የተሰነጣጠቁትን ቀጫጭን መስመሮች አንድ በአንድ አያቸው። «ይሄ ነው የሚነክሰው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ስልኩን ለልጁ አቀበለውና «መኪናውን ሳይሆን መጀመሪያ የዚህን ዋጋ ጠይቀው» አለው።

ልጁም ጠየቀኝ። የድሮዎቹ አራቱ 18 ኢንች የክረምት ጎማዎቼ ከነቸርኬያቸው ጋራዤ ውስጥ አሉ፣ ጥርሳቸው ገና አንድ ክረምት ያስኬዳል፤ ከመኪናህ ከገጠሙ ያንተ ናቸው አልኩት።