አሉ ጎቢ በቤት ድስት፦ ከአራት ሙከራ የተገኘ

አሉ ድንች ነው፣ ጎቢ የአበባ ጎመን። የሰሜን ሕንድ በተለይም የፑንጃብ ምግብ ሲሆን መረቅ የለውም፤ ደረቅ ብሎ በሮቲ (በሕንድ ቂጣ) ይበላል። ቤት ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ ይላቁጣል። ሰው ቅመሙን ይጠረጥራል፤ ጥፋተኛው ውሃ ነው።

ለአራት ሰው፦ ተቆርጦ 600 ግራም የአበባ ጎመን፣ 350 ግራም ድንች፣ 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ቲማቲም፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ 2 ቃሪያ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ቅመሙ በሻይ ማንኪያ፦ 1 ያልተፈጨ ከሙን፣ 2 የድንብላል ዱቄት፣ ግማሽ እርድ፣ ግማሽ የተፈጨ ቀይ በርበሬ፣ ግማሽ ጋራም ማሳላ (የሕንድ የተፈጨ ቅመማ ቅመም ድብልቅ)፣ 1 ካሱሪ ሜቲ (የደረቀ የአብሽ ቅጠል)፣ 1 ጨው። በርበሬ ሲባል ዛላው ብቻ ተፈጭቶ ነው። የወጥ በርበሬ ከገባበት ኮረሪማውና በሶብላው ይገንና አሉ ጎቢነቱ ይቀራል፤ የድንች ወጥ ነው የሚሆነው።

ጎመኑ ታጥቦ ፎጣ ላይ ግማሽ ሰዓት ተደፍቶ ይጠንፍፍ። አበባው ውስጥ የቀረ ውሃ እንፋሎት ይሆንና ጎመኑ መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል። ጨውም ውሃ ስለሚያወጣ ገና አይነካውም። በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት መጀመሪያ ድንቹ (በ2 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ) 10 ደቂቃ ያህል፣ ከወጣ በኋላ ጎመኑ በሁለት ዙር 6 ደቂቃ ያህል ይጠበሳል። ጠርዙ ቡናማ ነጥብ ካላወጣ የሬስቶራንት ጣዕም አይመጣም። መጥበሻው ከተጨናነቀ ደግሞ ያው መቀቀል ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ድንቹ ግማሽ ጥሬ እያለ ከቲማቲሙ ጋር ተቀላቀለ። 25 ደቂቃ ተንተክትኮም መሃሉ እንደጠጠረ ቀረ፤ ጎመኑ እስከዚያ ፈርሷል። ምክንያቱ የቲማቲሙ አሲድ ነው፦ ድንቹን አያይዞ የያዘው ፔክቲን አሲድ ባለበት ቶሎ አይላላም። ስለዚህ ቢላ ሳይቸገር እስኪገባበት ድረስ ድንቹ ለብቻው ይብሰል።

ቁሌቱ ከእኛ ይለያል፤ ሽንኩርት በደረቁ አይቁላላም። ቀሪው ዘይት ይሞቃል፣ ከሙኑ ይንጣጣል (20 ሰከንድ፤ ከጠቆረ ይደፋ፣ ይመርራል)፣ ሽንኩርቱ ወርቃማ ይሆናል፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይከተላሉ። ከዚያ ቲማቲም፣ እርድ፣ ድንብላል፣ በርበሬና ጨው፤ ዘይቱ በዳር እስኪወጣ 8 ደቂቃ ያህል። ሕንዶች ይህን «ቡና» ይሉታል፣ ከእኛ ቡና ጋር ዝምድና የለውም። እዚህ ላይ ከተቸኮለ ምግቡን የጥሬ እርድ ሽታ አይለቀውም።

አትክልቱ ገብቶ በቀስታ ይገለበጥ፤ ተከድኖ በዝግተኛ እሳት 5 ደቂቃ፣ ሳይከደን 2 ደቂቃ። ውሃ አይጨመርም፤ ከያዘ እጅ እርጥብ አድርጎ መርጨት ይበቃል። ካሱሪ ሜቲው በመዳፍ ታሽቶ ከጋራም ማሳላው ጋር መጨረሻ ላይ ይነስነስ። ሎሚ እሳቱ ከጠፋ በኋላ።

እስካሁን ያልተገኘው የሬስቶራንቱ ዓይነት የጭስ ጠረን ነው። አምስተኛው ሙከራ በብረት መጥበሻና በኃይለኛ እሳት ይሆናል።