ለጎርጎራ መረብ የሚሆን እርሳስ አቀላለጥ

የዓሣ መረብ እንዲሰጥም ድንጋይ ማሰር ወጪ የለውም። ጣጣው የሚመጣው ውሃ ውስጥ ነው። 100 ግራም ድንጋይ ጣና ውስጥ ሲገባ የሚመዝነው 63 ግራም ገደማ ሲሆን 100 ግራም እርሳስ ግን 91 ግራም ይመዝናል። በዚያ ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለ ድንጋይ የመረቡን ዓይን ይጠልፋል፤ በደንቢያ በኩል እንቦጭ ባለበት ዳርቻ ከሆነማ ሥሩን ሁሉ ሰብስቦ ይወጣል። ገመዱ ላይ እንደ ዶቃ የተሰካ እርሳስ የሚጠለፍበት ነገር የለም።

እርሳሱ የሚገኘው ጎሚስታ ዘንድ ነው፤ ከጎማ የወለቀ የባላንስ እርሳስ ጎንደርም አዘዞም አይጠፋም። ግን ሁሉም እርሳስ አይደለም። የዚንክና የብረት ባላንስ ተደባልቆ ይመጣል፤ አንዳንዱ ላይ ምልክቱ ተቀርጿል፣ አንዳንዱ ላይ የለም። ጠርዙን በፒንሳ ቆንጥጡት፤ የፒንሳው ጥርስ ከገባ እርሳስ ነው፣ ከተንሸራተተ ወደ ጎን ጣሉት። የመኪና ባትሪ ፈልጦ እርሳስ ማውጣት ግን ፈጽሞ ይቅር። አሲዱ አለ፣ ውስጡ ያለው አብዛኛው ነገር ደግሞ ብናኝ መርዝ እንጂ ለመረብ የሚሆን ብረት አይደለም።

ማቅለጫው አሉሚኒየም ድስት መሆን የለበትም፤ ከሰል ላይ ሲግል ይለሰልስና ከነክብደቱ ቂጡ ይወርዳል። በያጅ ዘንድ ሄዳችሁ ባለ 4 ኢንች ጥቁር የብረት ቧንቧ 10 ሴንቲሜትር አስቆርጡ፤ ቂጡን በወፍራም ላሜራ አስበይዱ፤ ረጅም እጀታም ይኑረው። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ አይሁን፤ ሲግል ጭሱ ያማል። ጭልፋውም ማቅለጫውም ከዚያ በኋላ ወደ ወጥ ቤት አይመለሱም።

ለቅርጹ ወይራ ይበቃል። 4 ሴንቲሜትር ውፍረትና 7 ሴንቲሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት የደረቁ ቁራጮች ፊት ለፊት ገጥማችሁ በሞርሳ አጥብቁ። ልክ መገጣጠሚያው መስመር ላይ በ8 ሚሊ መሰርሰሪያ 5.5 ሴንቲሜትር ወደ ታች ብሱ፤ ከዚያ ያንኑ ቀዳዳ በ14 ሚሊ እስከ 3.5 ሴንቲሜትር ብቻ አስፉት። ከታች የቀረው ጠባቡ ቀዳዳ 8 ሚሊ ለስላሳ ዘንግ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ገመዱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ የሚተወው ይኸው ዘንግ ነው። እንዲህ የወጣ አንድ ፍሬ 41 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከአንድ ኪሎ እርሳስ 24 ያህል ይወጣል። ወይራው እየከሰለ ስለሚሄድ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ፍሬውም ይከብዳል፤ አልፎ አልፎ መዝኑ።

ማቅለጡ ውጭ ነው፣ ንፋሱ ከጀርባ፣ ልጆችና ዶሮዎች ርቀው። ክረምት ላይ ባይሞከር እመርጣለሁ። የቀለጠ እርሳስ ሥር የገባች አንዲት የውሃ ጠብታ ከ1,000 ጊዜ በላይ ተነፍታ እንፋሎት ስትሆን እርሳሱን ፊት ላይ ትረጨዋለች። ስለዚህ የባላንሱ ቁራጭ፣ ወይራውም ጭልፋውም እሳት ዳር ቆይተው በደንብ ይድረቁ፤ ቀልጦ ባለ እርሳስ ላይ እርጥብ ቁራጭ አይጨመርም። መነጽር፣ የቆዳ ጓንትና የተሸፈነ ጫማ የግድ ነው።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ዚንክ በ420። በዓይን ያመለጠ ዚንክ እሳቱ ካልበዛ ሳይቀልጥ ከብረት መያዣዎቹ ጋር ላይ ይንሳፈፋል፤ በጭልፋ ይለቀማል። እሳቱ ከበዛ ግን ይቀላቀልና እርሳሱ እንደ ገንፎ ይወፍራል፣ ቅርጹንም አይሞላም። የደረቀ እንጨት ጫፍ ንከሩ፤ ቀስ ብሎ ከጠቆረ ደርሷል። ላዩ ወርቃማና ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ከሰሉን ቀንሱ። የአተር ፍሬ የምታህል ሰም ጣል አድርጋችሁ አማስሉ፤ ትነዳለችና ፊታችሁን አርቁ። ግራጫው ቆሻሻ ያኔ ይሰበሰባል። ያንን በቆርቆሮ ጣሳ ከድናችሁ አስቀምጡ፤ መርዙ ያለው በዋናነት እዚያ ብናኝ ውስጥ ስለሆነ ጓሮም ሐይቅም አይደፋም።

ዘንጉን በኩራዝ ጥላሸት አጥቁሩት፤ ቅርጹ ውስጥ አቁማችሁም እርሳሱን በጭልፋ አፍስሱ። እርሳስ ሲበርድ ተኮማትሮ ዘንጉን ይነክሳል፤ ስለዚህ ላዩ እንደጠጠረ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ዘንጉን በፒንሳ አዙሮ ማውጣት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፍሬዎች ተሸብሽበው ይወጣሉ፤ ቅርጹ ስላልሞቀ ነውና መልሳችሁ አቅልጧቸው። ከዚያም በኋላ ጉድጓድ ጉድጓድ ካለባቸው ወይራው እርጥበት አለው። የቀዳዳውን አፍ በቢላ ክብ አድርጉት፤ ስለቱ ገመድ ይበላል። ጨርሳችሁ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስም፣ ልብሱም ለብቻው ይታጠባል።

በገመዱ ላይ ስንት ይሰካ? ባልዲ ውሃ ሙሉና አንድ ተንሳፋፊ ላይ እርሳስ እየጨመራችሁ እሰሩ። ልክ መስጠም ሲጀምር ያለው ብዛት የአንድ ተንሳፋፊ ሚዛን ነው። መሬት ለሚይዝ መረብ ቢያንስ የዚያን እጥፍ አድርጉ። ተንሳፋፊው ከነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ ከሆነ እያንዳንዱ ስለሚለያይ አራት አምስቱን ሞክራችሁ በትልቁ ሂዱ። ፍሬዎቹ ገመዱ ላይ እንዳይንሸራተቱ በግራም በቀኝም በሲባጎ ይጠፈሩ።