የአባዬ ኑዛዜ ዳዊት ውስጥ ነበር

አባዬ የእጅ ጽሑፉ ያምር ነበር። አቃቂ፣ እኛ ሰፈር፣ የእድሩ ደብዳቤ ሁሉ የሚጻፈው በሱ እጅ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ በሁለት ሉክ ወረቀት ላይ ኑዛዜውን ጻፈ። «ይህ ኑዛዜዬ ነው» ብሎ ጀመረ። መጋቢት 2008 ብሎ ቀኑን አስገባ፣ ሁለቱንም ገጽ ፈረመ፣ ከዚያ አጥፎ ዳዊቱ ውስጥ ከተተው። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ያረፈው ጥቅምት 2016 ነው። ወረቀቱን ያገኘነው ከአርባው በኋላ እህቴ ዕቃውን ስታነሳሳ ነው። ዕጣን ዕጣን ይሸታል፣ እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኗል። ዋናው ቤት ለእሷ፣ ሦስቱ ሰርቪስ ቤቶች ለእኛ ለሦስታችን ይላል። ቤቱ አባዬ ከአያቴ የወረሰው ስለሆነ እንደፈለገ ሊናዘዝበት ይችላል። ደግሞም ልክ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ያጠበችው፣ ያጎረሰችው፣ ሌሊት የተነሳችለት እሷ ናት። እኛ እሁድ እሁድ ሙዝ ይዘን የምንመጣ ልጆች ነበርን።

ፍርድ ቤት ስንሄድ ታናሽ ወንድሜ የያዘው ጠበቃ ወረቀቱን አየት አደረገና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «የት ተቀምጦ ነበር?» ዳዊት ውስጥ አልነው።

አለቀ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው በእጁ የጻፈው ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል ይላል። ሰባቱ ዓመት የሞላው መጋቢት 2015 ነው። አባዬ በሰባት ወር አለፈው። ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ ልጆች እኩል ነው የሚካፈሉት፣ ያስታመመም ያላስታመመም። የጭቃ ቤት እንደ ድፎ ዳቦ ለአራት አይቆረስም፣ ስለዚህ ተሸጠ። እህቴ አሁን ገላን ተከራይታ ነው የምትኖረው። ወንድሜን ብቻ ጥፋተኛ ላደርገው አልፈልግም። «ድርሻዬን ለእሷ ትቻለሁ» ማለት እችል ነበር፣ ብሩ ሲቆጠር ግን እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ይሄ ነገር ሰፈር ውስጥ ሲነሳ አፌ አያርፍም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የኛ ብሎክ ላይ ለቡና ስንቀመጥ ብዙ የተሳሳተ ነገር ነው የምሰማው። አንዱ «አባቴ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ቤቱ ላንተ ብሎኛል፣ ምስክር አለኝ» ይላል። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ በሕግ አለ፣ ሞት የቀረበው ሰው ሁለት ምስክር ፊት የሚናገረው ነው። ግን ስለ ቀብሩና ስለ ትንንሽ ልጆቹ አሳዳጊ ከመናገር ባለፈ ለአንድ ሰው ማውረስ የሚችለው እስከ 500 ብር ብቻ ነው። በ1952 ይሄ ትልቅ ብር ነበር፣ ዛሬ አንድ ኪሎ ቅቤ አይገዛም። ቤት በቃል አይወረስም።

ሌላዋ እናቷ የተናገሩትን ራሷ ጽፋ ሁለት ጎረቤት አስፈርማለች። ይሄም አይሆንም። ሌላ ሰው የጻፈው ከሆነ አራት ምስክር ያስፈልጋል። ተናዛዡና አራቱም ባሉበት መነበብ አለበት፣ መነበቡና ቀኑም እዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት፣ ከዚያ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ግን ሁለት ይበቃሉ። ለዚህ ነው ውልና ማስረጃ ሂዱ የምለው።

ሴቶች ደግሞ ይቺን ስሙኝ። ባል ሲሞት ሚስት በሕግ ወራሽ አይደለችም! አብረው ካፈሩት ግማሹ የራሷ ነው፣ እሱን ማንም አይነካባትም። የሱ ግማሽ ግን ለልጆቹ ነው፣ ልጅ ከሌለ ለእናት አባቱ፣ እነሱ ከሌሉ ለወንድም ለእህቶቹ። በየለቅሶው ከሠልስት በኋላ ጠቡ የሚነሳው ከዚሁ ነው። ለሚስቱ እንዲደርሳት የፈለገ ባል መናዘዝ አለበት፣ ሚስትም ለባሏ እንደዚሁ።

ወደ ውክልና ልምጣ፣ እሱም አቃጥሎናል። አባዬ ስትሮክ ሳይመታው በፊት «ውልና ማስረጃ ሄደን ለእህቴ ውክልና ስጣት» ብዬው ነበር። «ገና ሳልሞት ልትወርሱኝ ነው?» አለኝ። ተቆጥቶ ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። በሚቀጥለው ዓመት ምላሱ ተያዘ፣ ቀኝ እጁም አልታዘዝ አለው። መናገርም መፈረምም የማይችል፣ እሺና እንቢ ማለቱ የማይለይ ሰው ውክልና ልስጥ ቢልስ ማን ይቀበለዋል? ባንክ ያለችው ብር እዚያው ተቀመጠች። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ በጣም ትሁት ናት፣ «ወይ እሳቸው ይምጡ ወይ ውክልና አምጡ» አለችን። ምን ታድርግ። ፍርድ ቤት ሞግዚት እስኪሾም እህቴ መድኃኒቱን የምትገዛው በብድር ነበር።

ውክልናም ቢሆን የሚሠራው በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። ሰጪው ሲሞት፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ይሄን የማያውቀው ሰው ብዛት ያስደነግጣል፣ በተለይ እኛ ሰፈር። የ20/80 ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው ስለማይሸጥ ብዙ ሰው «ገዛሁ» የሚለው ብሩን ከፍሎ ውክልና ተቀብሎ ነው። ሻጩ በመሃል ሲሞት ወራሾቹ በሩን ያንኳኳሉ። ከኛ ብሎክ እንኳን ሁለት ቤት እንዲህ ሆኖ ችሎት ላይ ነው።

ደግሞ «በማናቸውም ጉዳይ ይወክለኛል» የሚል ጥቅል ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አይበቃም። መሸጥ፣ በዋስትና ማስያዝ፣ መክሰስ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ ተለይቶ ይጻፍ። እኔ ግን መሸጥን ባታስገቡ እመርጣለሁ፣ ለልጅም ቢሆን። ጡረታ መቀበልና ኪራይ መሰብሰብ ብቻ ብላችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁም መሻር ትችላላችሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ኤምባሲ ሄዳችሁ ትሰጣላችሁ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይና በውልና ማስረጃ ያልፋል።

እኔና ባለቤቴ ባለፈው ወር ኑዛዜያችንን ልናደርግ ተነሳን። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ላይ አብረን ልንጽፍ ነበር፣ ደግነቱ ጠየቅን። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ የሚያደርገው ኑዛዜ ዋጋ የለውም፣ ለየብቻ ነው። ምስክር እንዲሆኑልን ማታ የእድራችንን ዳኛ ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው አቀማመጤን አዩ፣ ፊቴን አዩ።

«ምነው ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሐኪም ምን አለህ?»