ሳይክስ፦ ከፈፋ የወጣ ስም

በሰሜን እንግሊዝ ከሐደርስፊልድ ወደ ማንቸስተር የሚበሩት ፈጣን ባቡሮች ስሌትዌይት ላይ አይቆሙም። በየጣቢያው የሚቆመውን መጠበቅ ግድ ነው፤ ከተሳፈሩ በኋላ ግን አሥር ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው። ትኬት ሲቆርጡ «ስሌትዌይት» ማለት ያግባባል፤ ከወረዱ በኋላ ግን ከተማዋ «ስላዊት» ናት። ጎረቤቷ ሊንትዌይት «ሊንፊት»፣ ጎልካር ደግሞ «ጎውከር» ይባላሉ። ይህ ለወግ ያህል የሚነሳ ነገር አይደለም። የድሮ ጸሐፊዎች የሚጽፉት በጆሯቸው የሰሙትን ነበር። እዚህ ሸለቆ ውስጥ የአንድ ሰው ወይም የአንድ መንደር ስም መዝገብ ላይ አራት አምስት ዓይነት ሆኖ ቢገኝ ስህተት ነው ብሎ ማለፍ የዘር ፈለጉን ማጥፋት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

የመጣሁት ሳይክስ የሚባለውን የቤተሰብ ስም ከነመሬቱ ለማየት ነው። ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1916 የኦቶማንን ግዛት በካርታ ላይ ከተከፋፈሉበት ከሳይክስ–ፒኮ ስምምነት ነው። ያ ሳይክስ፣ ሰር ማርክ፣ በምሥራቅ ዮርክሻየር የስሌድሚር ባለርስት ነበር። በ1919 ፓሪስ ላይ የሞተው እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው ወረርሽኝ ነው፤ አስከሬኑ በእርሳስ በታሸገ ሣጥን ስለተቀበረ ተመራማሪዎች የቫይረሱን ቅሪት ፍለጋ በ2008 መቃብሩን ከፍተዋል። የስሙ ዋና ሠፈር ግን ስሌድሚር አይደለም። ብዙዎቹ ሳይክሶች የሱፍ ሸማኔ፣ ድንጋይ ፈላጭና ትንሽ መሬት አራሽ ሆነው የኖሩት እዚህ በምዕራብ ዮርክሻየር በኮልን ወንዝ ሸለቆ ነው።

ከስሌትዌይት እስከ ማርስደን ያለው መንገድ ከጀልባው ቦይ ዳር ዳር የሚሄድ ሜዳማ የእግር መንገድ ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር ያህል። ከማርስደን በላይ ግን ሜዳው ያልቅና ዛፍ የሌለበት ደጋ ይጀምራል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ለዘመናት የበሰበሰ ሣር ተደራርቦበት እንደ ሰፍነግ ውኃ ይይዛል። ተራ ጫማ አድርጎ የወጣ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልሲው ይርሳል። 1 ለ25,000 የሆነ ካርታ ይዞ መውጣት ይሻላል፤ በዚህ መጠን 4 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ትንንሾቹ የውኃ መስመሮች ሳይቀሩ ከነስማቸው ይታያሉ። «ክላፍ» የሚለው ቃል ገደል የሠራውን ትልቁን ሸለቆ ያሳያል። ከዚያ የምታንሰው «ሳይክ» ናት።

ሳይክ ወንዝ አይደለችም። ያየኋት አንድ እርምጃ ተኩል ብትሰፋ ነው፤ ከሩቅ የምትታወቀው በውኃው ሳይሆን በዳርና ዳሯ በተሰለፈው እንግጫ መሰል ሣር ነው። ሌላው ሜዳ ገርጥቶ እሷ ብቻ እንደ አረንጓዴ ጥለት ቁልቁል ትወርዳለች። ዝናብ ሲጥል ሻይ የመሰለ ቡናማ ውኃ ይወርድባታል፤ በደረቅ ወር ጭቃ ብቻ ትሆናለች። እኛ ፈፋ ብለን የምንጠራት ዓይነት ናት። ዝቅ ብሎ እርሻው ሲጀምር ደግሞ ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ ካብ አጠገቧ ይጀምርና መታጠፊያዋን ሁሉ እየተከተለ ይወርዳል። ካቡ ቀጥ ብሎ ያልተሠራበት ምክንያት ይኸው ነው፦ ፈፋዋ ከካቡ በፊት ወሰን ነበረች። የአርሲ ወይም የጎጃም ገበሬ «ወሰናችን ፈፋው ነው» ሲል የሚለው ሌላ ነገር አይደለም።

ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሲች» ነበር፤ በሰሜኑ በኩል የሠፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች «ሲክ» ይሉታል። ለዚህም ነው ወደ ደቡብ፣ ወደ ደርቢሻየርና ስታፎርድሻየር ሲወረድ የቦታውም የቤተሰቡም ስም ሲች የሚሆነው፤ በዮርክሻየር ግን «ክ» አሸንፋለች። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» እንደ ብሩክስና ሚልስ ባሉ ከቦታ የወጡ የቤተሰብ ስሞችም ላይ የምትታይ ጭማሪ ናት፤ የድሮዎቹ መዛግብት የሚጽፉት «ዴል ሳይክ» ወይም «ዴል ሳይክስ» እያሉ ነው፤ ባለፈፋው፣ የፈፋው ዳር ሰው ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። ስሙ «ወንዝ» ማለት ነው ብሎ መጻፍ የተለመደ ሆኗል፤ በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ግን ስሙን ከሳይክ አያገኝም። አንዲት ስም የሌላት ፈፋ ለመለያ የምትበቃው ጥቂት ቤቶች ባሉበት ተራራ ላይ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ሊድስ ሄድኩ። የዌክፊልድ ባላባት ችሎት የብራና ጥቅሎች የሚገኙት እዚያ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ከ1274 ጀምረው እስከ 1925 ይደርሳሉ። የሌላ ሰው ግጦሽ የገባ ከብት፣ ያለ ፈቃድ የተቆረጠ እንጨት፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ መሬት ሁሉ ከነቅጣቱ ተመዝግቧል። ቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። ጥቅሎቹ በላቲን ስለተጻፉ ጀማሪ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው ከታተሙት ቅጾች ቢጀምር ይሻለዋል። ቀኑ የሚቆጠረው በንጉሡ ዘመንና በቅዱሳን በዓል ነው፤ «ከቅዱስ ሚካኤል በዓል በኋላ ባለው ዓርብ» ይላል እንጂ ቁጥር የለውም። ይሄ እንግሊዛዊውን ያስቸግረዋል፤ በወር በዓል ያደገ ኢትዮጵያዊ ግን ብዙም አይደናገር።

የበለጠ የሚጠቅመው ግን የ1379 የነፍስ ወከፍ ግብር ዝርዝር ነው። ዕድሜው ከ16 በላይ የሆነ ሰው፣ ወይም ባልና ሚስት አንድ ላይ፣ ቢያንስ 4 ፔንስ ይከፍሉ ነበር፤ የእጅ ባለሙያና ነጋዴ ጨመር ያደርጋል። የዮርክሻየር ምዕራብ ክፍል ዝርዝር ከሌላው ክፍለ ሀገር በተሻለ ተርፏል፣ በየመንደሩም ተከፋፍሎ ታትሟል። አንዱ መስመር የሚይዘው የባልየውን ስም፣ «ከነሚስቱ» የሚል ቃልና ገንዘቡን ነው። የሚስትየው ስም የለም። ይህን ዝርዝር ከ1881ዱ ቆጠራ ጋር አስተያይቶ ያየ ሰው የሚገርመው 500 ዓመት አልፎ እንኳ ብዙ ስሞች ከተነሡበት የአንድ ቀን መንገድ ያህል ብቻ ርቀው መገኘታቸው ነው። በእንግሊዝ አብዛኛው ሕዝብ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ስም የያዘው እስከ 1400 ገደማ ነው፤ ባላባቱ ቀደመ፣ ሰሜኑ ዘገየ። በዮርክሻየር ተራሮች ደግሞ ስሙ አዲስ በነበረበት ሰዓት ነው ዝርዝሩ የተጻፈው።

ስርጭቱን ለማየት የሚመረጠው የ1881 ቆጠራ ነው፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1881 የተካሄደ ሲሆን በበጎ ፈቃደኞች ሙሉ በሙሉ ተገልብጧል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። ተራ ቁጥር ከቆጠሩ ለየትኛውም ስም ለንደን ትልቅ ሆና ትወጣለች፤ ሰው ስለበዛባት እንጂ ስሙ የእሷ ስለሆነ አይደለም። ለምሳሌ 10,000 ሰው ባለበት ወረዳ 200፣ አንድ ሚሊዮን ባለበት ከተማ 400 ሳይክሶች ቢኖሩ፣ የመጀመሪያው ከመቶ ሁለት፣ ሁለተኛው ከመቶ 0.04 ነው። መታየት ያለበት ይህ ከመቶ ያለው ድርሻ ነው። እንዲህ ሲሰላ ካርታው ላይ ሐደርስፊልድና ዙሪያዋ እንደ ምድጃ ይቀላሉ፤ ከዚያ ወደ ሊድስና ዌክፊልድ፣ ወደ ምዕራብም ወደ ላንካሻየር ዳርቻ እየደበዘዘ ይሄዳል። ኋላ ላይ የሄዱት ወደ አሜሪካ፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል።

ዘር ለመቁጠር የተነሣ ሰው ከዛሬ ወደ ኋላ ይሂድ እንጂ ከ1379 ወደ ፊት አይምጣ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። የ1931ዱ ቆጠራ በ1942 በእሳት ወድሟል፤ የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም፤ ስለዚህ ከ1921 በኋላ ትልቅ ክፍተት አለ። በ1841ዱ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት ተጠጋግቷል፤ 39 ዓመት የሆነው «35» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ስንቱ የራሱን ቅድመ አያት «ዕድሜው አይገጥምም» ብሎ ጥሎታል። የትውልድ አጥቢያ በስሙ የሚገኘው ከ1851 ጀምሮ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ያለው የአጥቢያ መዝገብ ነው፤ ከ1538 ጀምሮ እንዲያዝ ታዞ ነበር። እዚህ ሸለቆ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ስሌትዌይት ያኔ ራሷን የቻለች አጥቢያ አለመሆኗ ነው፤ ከሐደርስፊልድ በታች ነበረች፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሊንትዌይት ደግሞ የአልመንድበሪ ነበረ። ማርስደን ለሁለቱም ተከፍላ ነበር። ሁለተኛው ወጥመድ ባፕቲስቶቹ ናቸው። ከስሌትዌይት በላይ እንደ ፖል ሙር ባሉ ጸሎት ቤቶች የሚሰበሰቡት ሕፃን አያጠምቁም፤ ስለዚህ የክርስትና መዝገብ ላይ ልጁ የለም። የተወለደ የማይመስል ሰው አድጎ ሲያገባ ይታያል። ሌላም አለ፦ እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ዓመቱ የሚገባው መጋቢት 25 ቀን ነበር። በታኅሣሥ 1720 የተጋቡ ጥንዶች «በየካቲት 1720» ልጅ ቢቀብሩ ወደ ኋላ የሄደ ዘመን አይደለም፤ በዛሬው አቆጣጠር የካቲት 1721 ነው። ሁለት አዲስ ዓመት ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነው። በፍለጋ ሰዓትም ሳይክስን በ«ዋይ» ብቻ ሳይሆን በ«አይ» የተጻፈውንም መሞከር፤ ከዚያም ላይክስና ዳይክስ የሚሉትን፣ የድሮው ትልቁ «ኤስ» ለገልባጮች «ኤል» ስለሚመስላቸው።

መካነ መቃብሩ ላይ ቆሞ ሳይክስ፣ ሳይክስ፣ ሳይክስ የሚል ድንጋይ ያየ ሰው መቼም አንድ ነገር ይጠይቃል፤ እርስ በርስ እንዴት ይለያዩ ነበር? መልሱ እኛን ፈገግ ያሰኛል። መንደሩ ሙሉ አንድ ስም ሲሆን ስሙ መለየት አቆመ፤ ስለዚህ በአፍ «የጃክ ልጅ የቢል ልጅ ቶም» ማለት ጀመሩ፤ ልጅ፣ አባት፣ አያት። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ሙሉ ስሙን ሲጠየቅ የሚመልሰው ማለት ነው። እኛ ወደ ውጭ ስንወጣ አያታችን ተጎትቶ «የቤተሰብ ስም» ይሆናል፣ አባትና ልጅ ፓስፖርት ላይ የማይዛመዱ ይመስላሉ፤ እነሱ ደግሞ የቤተሰብ ስም ይዘው ወደ አያት ቆጠራ ተመለሱ። መዝገቡ ግን ይህን የአፍ ስም አልጻፈውም። አሥር ጆን ሳይክስ ሲገጥም የሚያድነው ሥራውና የእርሻ ቤቱ ስም ነው። በዚያው ሊንትዌይት የተነሣው ዳይሰን የሚባለው ስም ደግሞ ከእናት የወጣ ነው፦ ዲዮኒስያ የምትባል ሴት፣ በቁልምጫ «ዳይ»፣ ልጇ ዳይሰን።

ሁሉም ሳይክስ ከአንድ ሰው ነው የመጣው? ፈፋ የሌለበት ተራራ ስለሌለ አይመስልም፤ የስም ሊቃውንቱም ብዙ መነሻ አለው ሲሉ ኖረዋል። የኦክስፎርዱ የዘረመል ተመራማሪ ብራያን ሳይክስ በ2000 የስሙን ተሸካሚ 48 ወንዶች መርምሮ ግማሽ ያህሉ በዋይ ክሮሞሶማቸው ላይ አንድ ዓይነት የምልክት ጥምረት እንዳላቸው አገኘ፤ ለማነጻጸሪያ በተመረመሩት ሌሎች የአካባቢው ሰዎች ላይ አልታየም። ዋይ ክሮሞሶም እንደ ስሙ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ መነሻቸው አንድ ሰው ነው አለ፤ የቀረው ግማሽ በ700 ዓመት ውስጥ በየትውልዱ 1.3 ከመቶ የሚሆን ሌላ አባት ቢገባበት እንደሚደረስበት አሰላ። የፈተናቸው ምልክቶች ግን አራት ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በ2009 ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ 40 ስሞችን ሲመረምሩ የታየው ሌላም መንገድ እንዳለ ነው፦ ብዙ መሥራች ኖሮ የአብዛኞቹ ወንድ ዘር በአጋጣሚ ቢቋረጥ፣ የተረፈው አንዱ መስመር ብቻውን እንደነበረ ሊመስል ይችላል። እኔ ለዚህኛው አደላለሁ፤ ፈፋው ብዙ ነውና።

ስመለስ ባቡሩን ትቼ በኤ 62 መንገድ ተራራውን ተሻግሬ ወደ ኦልደም ወረድኩ። ኮሜዲያኑ ኤሪክ ሳይክስ በ1923 የተወለደው እዚያ ነው፤ ስሙ ከተራራው ማዶ እስከዚህ ፈስሷል። ከተራራው መሻገሪያ ከስታንዴጅ ወዲህ ያለው ሳድልወርዝ ግን ፈላጊን ያሳስታል። ውኃው ወደ ላንካሻየር ይፈሳል፣ አስተዳደሩ ከ1974 ጀምሮ የኦልደም ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ዮርክሻየር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በላንካሻየሩ የሮችዴል አጥቢያ ሥር ነበረ። እዚህ የኖረ ሳይክስ ካለ ግብሩ በአንዱ ክፍለ ሀገር መዝገብ፣ ኑዛዜው በሌላው ነው የሚገኘው።