የኒውካስሉን ዱክ የዘር ሐረግ የቆጠርኩበት መንገድ

የመጀመሪያው የኒውካስል ዱክ ስሙ ዊልያም ካቨንዲሽ ነው፤ ይህን ስም ብላችሁ ፈልጉና ስንት ሰው እንደሚመጣባችሁ እዩ። አያቱ ዊልያም ነው። የአባቱ ታላቅ ወንድም ዊልያም ነው። የዚያ አጎት ልጅ፣ የልጅ ልጁና የእሱም ልጅ፣ የዴቨንሻየርን ማዕረግ ተራ በተራ የወረሱት ሁሉ ዊልያም ናቸው። እኔ የፈለግሁት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1593 እስከ 1676 የኖረውን ነው፦ ንጉሡና ፓርላማው በተዋጉበት የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት የንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የሰሜን ጦር አዛዥ፣ በጁላይ 1644 ማርስተን ሙር ላይ ተሸንፎ ከስካርቦሮ ወደብ ወደ ሃምቡርግ የተሻገረው፣ የፈረስ ገሪው ሰውዬ።

የጀማሪ መመሪያዎች ሁሉ «መጀመሪያ የታተመውን የመኳንንት መዝገብ ክፈት» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የታተመው መዝገብ የተጣራ መልስ ይሰጣችኋል እንጂ መልሱ ከየት እንደመጣ አያሳያችሁም፤ አንዱ የገለበጠውን ስህተት ሌላው ይገለብጠዋል። መጀመሪያ የማዕረጎቹን ቀን አውጡ። ስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የተለመደውን ሥራ በአጭሩ ልበልና ልለፈው። ለንደን ውስጥ ኪው ባለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ዋናውን ሰነድ ለማየት የአንባቢ ካርድ ያስፈልጋል፤ ማንነታችሁንና አድራሻችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ፣ ንባብ ክፍል እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይገባም። ንጉሡ ማዕረግ የሚሰጥባቸው የማዕረግ ደብዳቤዎች ሲ 66 በሚባለው ተከታታይ፣ ኑዛዜ የሚያጸድቀው የካንተርበሪ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ኑዛዜዎች ፕሮብ 11 ውስጥ ናቸው። የማዕረግ ደብዳቤው በላቲን ስለሆነ መግቢያውን ዝለሉትና ማዕረጉ ለማን እንደሚተላለፍ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ። በእኛ አገር ደጃዝማች ራስ ሲባል ማዕረጉ ይለወጣል እንጂ ሰውዬው በስሙ ይጠራል። እንግሊዞች ጋ ስሙ ራሱ ይጠፋል። ይህ ሰው በ1620 ቫይካውንት ማንስፊልድ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ሰነዶች ካቨንዲሽ ብለው አይጠሩትም። ከዚያ በየደረጃው ከፍ እያለ በ1628 ኤርል ኦፍ ኒውካስል፣ በ1643 ማርኩዊስ፣ በ1665 ዱክ ሆነ። ይህ ብቻ ቢሆን ምን አለበት! አባት ከፍ ሲል ከያዛቸው ዝቅ ያሉ ማዕረጎች አንዱን ታላቅ ወንድ ልጅ በክብር ስምነት ይለብሰዋል። ስለዚህ «ሎርድ ማንስፊልድ» የሚል ደብዳቤ ስታገኙ እስከ 1628 አባትየው ነው፤ ከዚያ እስከ 1659 ልጁ ቻርልስ ነው፤ ቻርልስ ከአባቱ ቀድሞ ሲሞት ደግሞ ታናሹ ሄንሪ ነው። ከዱክነቱ ጋር የመጣው «ኤርል ኦፍ ኦግል» ከ1665 እስከ 1676 ሄንሪ ነው፤ ከ1676 እስከ 1680 የሄንሪ ልጅ፣ እሱም ሄንሪ።

«ኒውካስል» ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ከ1676 በኋላ ሁለተኛው ዱክ ሄንሪ ነው። እሱ በ1691 ያለ ወንድ ልጅ ሲሞት ማዕረጉ ጠፋ። በ1694 ለሄንሪ አማች ለጆን ሆልስ እንደ አዲስ ተሰጠ፤ እሱ በ1711 ሲሞት እንደገና ጠፋ፤ በ1715 ደግሞ ለእህቱ ልጅ ለቶማስ ፔልሃም ሆልስ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰጠ። ሦስቱም የኒውካስል ዱክ ናቸው፣ ሦስቱም ደብዳቤ ጽፈዋል። ይህን እያወቀ «የኒውካስል ደብዳቤ» ብሎ ብቻ ካታሎግ የሚያደርግ መዝገብ ቤት አለ፤ ዓመት የለ፣ ስንተኛው ዱክ እንደሆነ የለ። የትኛው ነው ብዬ ስጽፍ የመጣልኝ መልስ፣ ካታሎጉ ከድሮ ዝርዝር የተገለበጠ ስለሆነ ባለበት ይቆያል የሚል ነው። ሰነዱን አውጥቶ ቀኑን ማየት ለአንድ ሠራተኛ የደቂቃ ሥራ ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

መፍትሔው አንድ ወረቀት ነው። በግራ ማዕረጉን፣ በመካከል ከመቼ እስከ መቼ፣ በቀኝ በዚያ ጊዜ ማዕረጉን የያዘውን ሰው ጻፉ። ማንኛውንም ሰነድ ስታነሱ መጀመሪያ ዓመቱን፣ ቀጥሎ ወረቀቱን፣ ስሙን መጨረሻ ላይ እዩ።

ዓመቱም ራሱ ያታልላል። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ሰነድ ዓመቱ የሚለወጠው ጃንዋሪ 1 ሳይሆን ማርች 25 ቀን ነው። ይህ እስከ 1752 ድረስ ቆይቷል። ስለዚህ የዱክነቱ ደብዳቤ ማርች 16 ቀን 1664 ይላል፤ በዛሬው የፈረንጅ አቆጣጠር 1665 ነው። ሁለተኛ ሚስቱ ማርጋሬት የሞተችው በዲሴምበር 1673 ነው፤ የዌስትሚንስተር ቀብሯ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 1673 ነው። እንዳለ ከገለበጣችሁት ሴትዮዋ ከመሞቷ አሥራ አንድ ወር በፊት ተቀብራለች ማለት ነው፤ እንዲህ ብሎ የገለበጠ የዘር ሐረግ አይቼ አውቃለሁ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለውን ቀን ሁሉ 1673/4 እያላችሁ በሁለት ዓመት ጻፉት። በመስከረም ዓመት ለሚለውጥ ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም።

ማረጋገጫም አለ። የመንግሥት ሰነድ የንጉሡን የንግሥና ዓመት ይጽፋል። ዳግማዊ ቻርልስ ዙፋን ላይ የወጣው በ1660 ቢሆንም ዓመቱ የሚቆጠረው አባቱ አንገቱን ከተቆረጠበት ከጃንዋሪ 30 ቀን 1649 ነው። «በ17ኛው ዓመታችን፣ ማርች» ካለ ያለ ጥርጥር 1665 ነው። በስደት ሳሉ ከፓሪስና ከአንትወርፕ የተጻፈ ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ እዚያ የሚሠራው አዲሱ የግሪጎሪያን አቆጣጠር ስለነበረ የአሥር ቀን ልዩነት ሊኖር ይችላልና ጸሐፊው በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፈ እዩ።

ስለ ልደቱ ማርጋሬትን አትመኑ። በ1667 ባሳተመችው የባሏ ታሪክ በ1592 ተወለደ ትላለች፤ በሃንድስዎርዝ ደብር መዝገብ ግን ክርስትና የተነሳው በዲሴምበር 1593 ነው። እሷ የተወለደችው በ1623 ነው፤ ስለ ልጅነቱ የሰማችውን ነው የጻፈችው። የጠፋበት ሀብት 941,303 ፓውንድ ነው ያለችውንም እንዳለ አትጥቀሱ፦ ያልተሰበሰበውን ኪራይ ወለድ እያስወለደች የደመረችው ነው። በስደት ስለነበረው ኑሯቸው ግን ከእሷ የተሻለ ምስክር የለም፤ እዚያ አብራው ነበረች።

የስደቱ ዘመን ሌላም ጣጣ አለው። የንጉሡ ወገኖች የተወረሰ ርስታቸውን በገንዘብ ሲያስመልሱ የተጻፈው ሰነድ እዚያው ኪው ኤስ ፒ 23 በሚባለው ተከታታይ ውስጥ ነው፤ ርስቱን በዝርዝር ስለሚያሳይ ለዘር ቆጣሪ ወርቅ ነው። በእሱ ስም ግን ርስት የማስመለስ ጉዳይ አትጠብቁ፤ ፓርላማው ምሕረት ከማይደርሳቸው ሰዎች ጋር ስሙን ጽፎታል። ፈልጉ ወንድሙን ሰር ቻርልስን። እሱ ነው በ1651 ከማርጋሬት ጋር ወደ ለንደን ተመልሶ የተደራደረው፣ የቤተሰቡን ቤቶች ዌልቤክንና ቦልሶቨርንም ያተረፈው። እዚህም ቻርልሶች ይበዛሉ፦ በ1617 የሞተው አባት፣ በ1654 የሞተው ሒሳብ አዋቂው ወንድም፣ በ1659 የሞተው ልጅ፣ እና በ1643 ጌይንስቦሮ ላይ የተገደለው የዴቨንሻየር ቤት ወጣት። በሞቱበት ዓመት ለዩአቸው፤ በሌላ መንገድ አይለዩም።

ልጆቹ ሁሉ ከመጀመሪያ ሚስቱ ከኤልዛቤት ባሴት ናቸው፤ ከማርጋሬት አልወለደም። ከእሷ ዘር ነን የሚል የቤተሰብ ሐረግ ካያችሁ አልፋችሁት ሂዱ።

ወንድ ወንዱን ብቻ የሚቆጥር ሰው 1691 ላይ ይቆማል፤ ሄንሪ ያለ ወንድ ልጅ ሲሞት ዱክነቱ አበቃ። ከዊልያም እናት ከካተሪን ኦግል የመጣው የኦግል ባሮንነት ግን በሴትም የሚወርድ ስለሆነ በሄንሪ ሴቶች ልጆች መካከል ባለቤት ሳይቆረጥለት ተንጠለጠለ። ርስቱና ወረቀቱ የሄዱት ሌላ ዘንድ ነው። ሄንሪ አብዛኛውን ለልጁ ለማርጋሬት ተናዘዘ፤ ከእሷ ወደ ልጇ ሄንሪታ፣ በ1713 ለኤድዋርድ ሃርሊ የተዳረችው፤ ከሄንሪታ ወደ ልጇ፣ በ1734 የፖርትላንድን ዱክ ያገባችው ማርጋሬት። ስለዚህ የዊልያምን ደብዳቤ ስትፈልጉ ካቨንዲሽም ኒውካስልም አትበሉ፤ «ፖርትላንድ» በሉ። ከፊሉ በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የእጅ ጽሑፎች ክፍል፣ ከፊሉ በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው፤ ማርጋሬት ሉካስ በ1645 ፓሪስ ውስጥ ከመጋባታቸው በፊት የጻፈችለት ደብዳቤዎችም ከዚያው ከዌልቤክ ወረቀት ጋር ላይብረሪው የገቡ ናቸው።