ተጋጣሚውን ምሳ የሚያበላ ክለብ

ባለፈው እሁድ ከጨዋታው በኋላ ሀዋሳ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን ዓሣ ስንበላ ሁለት ሦስት ልጆች «ይሄን ተጋጣሚን ምሳ የመጋበዝ ነገር ከየት አመጣኸው?» ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም «ከናይሮቢ» ብዬ አለፍኩት፣ ግን ቤት ገብቼ ሳስበው እንዲህ በአንድ ቃል የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ዛሬ ዘርግፌ ልጻፈው።

ናይሮቢ ለትምህርት ሁለት ዓመት ነበርኩ። አብሮኝ የሚኖረው ኬንያዊ ልጅ ራግቢ ይጫወት ነበር። ፕሮፌሽናል ምናምን አይደለም፣ ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ልምምድ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ግጥሚያ አለው፣ ደሞ ለመጫወት የሚከፈለው ሳይሆን በየወሩ መዋጮ የሚከፍለው እሱ ነው። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፣ እንዴት ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይመታል አልኩ። አንድ ቅዳሜ «ና ትያለህ» ብሎ ወሰደኝ፣ ከዛ በኋላ ቅዳሜ ቤት ውዬ አላውቅም።

ለማታውቁት፣ በአንድ ቡድን 15 ሰው ነው፣ 80 ደቂቃ፣ ኳሷ ሞላላ ናት፣ በእጅ ይዘህ ትሮጣለህ ግን በእጅህ ወደፊት ማቀበል ክልክል ነው፣ ወደ ጎን ወይ ወደ ኋላ ብቻ። ስለዚህ ኳስ የያዘ ሰው ሁሌም ከጓደኞቹ ቀድሞ ነው ያለው፣ እሱ እየተመታ ይገፋል፣ እነሱ ከኋላ ይደርሱለታል። ኳሷን ከተጋጣሚ መስመር ጀርባ መሬት ካስነካህ «ትራይ» ይባላል፣ ዛሬ 5 ነጥብ ነው፣ ድሮ ግን ምንም ነጥብ አልነበረውም፣ ጎል ለመምታት እንድትሞክር ብቻ ነበር የሚፈቅድልህ፣ ስሙም «ሙከራ» ማለት የሆነው ለዛ ነው።

ጨዋታው ስሙን ያገኘው እንግሊዝ አገር ራግቢ የሚባል ከተማ ውስጥ ካለ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ በ1823 ዊልያም ዌብ ኤሊስ የሚባል ተማሪ እግር ኳስ እየተጫወቱ ድንገት ኳሷን አንስቶ ሮጠ ይላሉ፣ የዓለም ዋንጫውም በሱ ስም ነው የሚጠራው፣ ነገር ግን ወሬው የተሰማው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው፣ በቂ ማስረጃም የለውም። እኔን የሚገርመኝ 1845 ላይ የመጀመሪያውን ሕግ ጽፈው ያወጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። አስተማሪ አልጻፈላቸውም እኮ! በ1871 ደግሞ 21 ክለቦች ለንደን አንድ ሬስቶራንት ውስጥ ተሰብስበው ማኅበራቸውን መሠረቱ፣ ልክ እኛ ሰፈር እድር እንደሚቋቋመው፣ ጥቂት ሰው ጠረጴዛ ከቦ።

ከዛ የገንዘብ ጣጣ መጣ፣ ይሄንን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። በሰሜን እንግሊዝ ያሉት ተጫዋቾች ከሰል ማዕድንና ፋብሪካ የሚሰሩ ልጆች ነበሩ፣ ለጨዋታ ሲሄዱ ከሥራ ስለሚቀሩ ደሞዛቸው ይቆረጣል። ክለቦቻቸው «የቀረባቸውን እንካሳቸው» ሲሉ ማኅበሩ እምቢ አለ፣ ጨዋታው ያለ ክፍያ ነው ብሎ። በ1895 ሃደርስፊልድ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ ያህል ክለቦች ተገንጥለው የራሳቸውን ሊግ መሠረቱ፣ እስከዛሬም ሁለት ዓይነት ራግቢ አለ። እኛ ቡድን ውስጥ ፋብሪካ በሽፍት የሚሰሩ ልጆች አሉ፣ እሁድ ሽፍት ሲደርስባቸው ምን እንደሚሆኑ ስለማይ ሰሜኖቹ እውነት ነበራቸው እላለሁ። የቀረው ማኅበር ክፍያን የፈቀደው በ1995 ነው፣ መቶ ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ከዛም ወዲህ ቢሆን አብዛኛው የሰፈር ክለብ እንደ ጓደኛዬ ክለብ በመዋጮ ነው የሚኖረው። እንዲያውም ኬንያን ያስጠራት በሰባት ሰው የሚካሄደው ራግቢ የተፈጠረው በዚሁ ጣጣ ነው፣ በ1883 ስኮትላንድ ሜልሮዝ የምትባል ትንሽ ከተማ ክለቡ ገንዘብ ሲያጥረው ሥጋ ቤት የሚሰራው ኔድ ሄግ ውድድር እናዘጋጅ የሚል ሐሳብ አመጣ፣ 133 ዓመት ቆይቶ በ2016 ኬንያ ሲንጋፖር ላይ ፊጂን 30 ለ 7 ረትታ ዋንጫ በላች።

የኔን ልብ የወሰደው ግን ከጨዋታው በኋላ ያለው ነው። ፊሽካ ሲነፋ ያሸነፈው ቡድን በሁለት ረድፍ ይቆምና የተሸነፉት በመሃል ሲያልፉ ያጨበጭብላቸዋል፣ ከዛ የተሸነፉት በተራቸው ቆመው ያሸነፉትን ያሳልፋሉ። ዳኛውን ማንም አይጮህበትም፣ የሚያናግረው አምበሉ ነው፣ «ሰር» እያለ። ከዛ ባለሜዳው ክለብ እንግዳውን ያበላል። ሦስተኛው አጋማሽ ይሉታል። ከአሥር ደቂቃ በፊት ሲላተሙ የነበሩ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ኡጋሊ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎና ሥጋ ይበላሉ፣ አምበሎቹ ተራ በተራ ተነስተው ተጋጣሚውን፣ ዳኛውን፣ ያበሰሉትን ሰዎች ያመሰግናሉ። ያበሰሉትን! ይሄን ስሰማ ነው የነቃሁት።

ማልያውም በተራ ነው የሚታጠበው። ኮከብ ተጫዋች ሁን፣ ሐኪም ሁን፣ ተራህ ሲደርስ የሁሉንም ማልያ በጆንያ ተሸክመህ ቤትህ ትሄዳለህ። የጓደኛዬ ተራ ሲደርስ አብሬው አጥቤያለሁ፣ የናይሮቢ ቀይ ጭቃ በሁለት ሳፋ ውሃ አይለቅም፣ ሦስተኛው ላይ ነው ውሃው መጥራት የሚጀምረው። እጄ ተልጦ ነበር፣ ግን ቅዳሜ ልጆቹ ያን ማልያ ለብሰው ሲገቡ የኔም ቡድን ነው አልኩ።

እና ሀዋሳ ስመለስ የሰፈራችን የእግር ኳስ ቡድን እንደተውኩት ጠበቀኝ። ሁለት ሰፈር ከተጋጠመ መጨረሻው ስድብ ነው፣ ሲብስም ድንጋይ፣ አምና አንድ ልጅ ቅንድቡ ተፈንክቶ ሦስት ቦታ ተሰፍቷል። አሰልጣኛችንን «ጋሼ፣ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ ምሳ እንጋብዝ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ብንሸነፍስ?» አሉ። «ብንሸነፍም» አልኩ። መቶ መቶ ብር አዋጣን፣ የጎደለውን እሳቸው ሞሉ።

ተሸነፍን፣ 2 ለ 1። በሁለት ረድፍ ቆመን ስናጨበጭብ የሌላኛው ሰፈር ልጆች ልናሾፍባቸው መስሏቸው መሃል ላይ ቆሙ፣ አምበላቸው «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ብሎ ፊቱን አጠቆረ። ጋሼ ቀረብ ብለው «ምሳ ነው ልጄ፣ ሌላ ምንም የለም» አሉት። በሦስት ባጃጅ እየተመላለስን አሞራ ገደል ወረድን። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከባድ ነበሩ፣ እነሱ በአንድ ወገን እኛ በአንድ ወገን። የተጠበሰው ቆሮሶ ዓሣ ከዳጣ ጋር ሲቀርብ የነሱ ተከላካይ፣ ያ ከአጥቂያችን ጋር ሙሉ ጨዋታ ሲጠላለፍ የዋለው ግዙፉ፣ የኛ ትንሹ ልጅ አጥንቱ እንዳስቸገረው አየና ሳህኑን ስቦ፣ ዓሣውን በጣቱ ከአከርካሪው ላይ ልጦ ልጦ ነጩን ሥጋ ብቻ መለሰለት። ምንም አላለም። ከዛ በኋላ ወሬው ደራ። ስንለያይ አምበላቸው «በሚቀጥለው እናንተ ናችሁ እንግዶች» አለ፣ ቀን ቆርጠናል።

ማልያውን ለዓመታት የሚያጥቡት የአምበላችን እናት ነበሩ፣ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፣ ማንም አመስግኗቸው አያውቅም፣ እኔም ጭምር። አሁን በተራ ነው። የዚህ ሳምንት ተረኛ በረኛችን ነበር፣ ግቢያቸው ውስጥ አጥቦ ሲያሰጣ እማማ በአጥር በኩል ሲያዩት ቆዩና ገቡ፣ አንዱን ከገመዱ ላይ አውርደው «ገልብጣችሁ አስጡ እንጂ፣ ቁጥሩን ፀሐይ ይበላዋል» ብለው አሳዩት። አሥራ አንዱንም ገልብጦ እንደገና አሰጣ።