ቲማቲሙን ገና አልነቅልም

ዛሬም ፀሐዩ ደስ ይላል። ቀኑ ማጠር ጀምሯል። ጠዋት ስነሳ ገና ድንግዝግዝ ነው፤ ማታም ራት ሳይቀርብ ይመሻል። ሙቀቱ ግን አልሄደም። መጸው ገባ ብዬ ሹራብ ለብሼ እወጣለሁ፤ ረፋድ ላይ አውልቄ አጥሩ ላይ እሰቅለዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ከዋናው የሙቀት ወራት ይልቅ ይሄን ጊዜ እወዳለሁ። ያኔ ጓሮ የሚገባው ማለዳና አመሻሽ ላይ ብቻ ነው። ቀትር ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። ውሃ ማጠጣቱም ፋታ አይሰጥም። አሁን ከምሳ በኋላ ወጥቼ እስኪመሽ ብቆይ የሚያባርረኝ የለም። አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፤ የውሃው ጎማ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሰነበተ። አረሙ እንኳ የደከመው ይመስላል።

ጎረቤቴ ግን ሥራ የፈታሁ መስሏቸዋል። የእሳቸው ጓሮ ተነቅሎ፣ ተኮትኩቶ፣ ተስተካክሎ አልቋል። ትናንት አጥሩን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ምነው ልጄ፣ ይሄን ቲማቲም አትነቅይውም እንዴ? ጊዜው እኮ አለፈ» አሉኝ።

«ገና እያፈራ ነው አባባ።»

«ቅጠሉ ደርቆ የለ እንዴ!»

ቅጠሉስ እውነታቸውን ነው። ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ተጨማዷል፤ ለዓይን አያምርም። ፍሬው ግን እንዲህ ጥሩ ሆኖ አያውቅም። ቲማቲም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍበት ቀዩን ቀለም በደንብ መሥራት ያቅተዋል። በሐሩሩ ሰሞን የቀጠፍኩት ብዙው ብርቱካናማ ሆኖ የቀረውም ለዚያ ነው። አሁን ቀኑ 20ና 25 ዲግሪ መካከል ሲሆንለት ቀስ ብሎ፣ እስከ ውስጡ ድረስ ይቀላል። አንዳንዱ አንገቱ ዙሪያ ተሰንጥቆ ጠባሳ አውጥቷል። እሱ ምንም አይደል፤ ጠባሳውን በቢላዋ ማንሳት ነው።

ለቀማው ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ግንዱን ስነካካ ቆይቼ እጄን ሳየው ጣቶቼ አረንጓዴና ጥቁር ተቀላቅሎባቸዋል። ሳሙና ስመታበት አረፋው ቢጫ ይሆናል፤ ታጥቤም ሽታው ጥፍሬ ሥር ይቀራል። ያን ሽታ ፍሬው ላይ አታገኙትም፤ ከቅጠሉና ከግንዱ የሚመጣ ነው።

የለቀምኩት በሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ፍሪጅ ውስጥ አላስገባውም፤ ቅዝቃዜው ጣዕሙን ይገድለዋል። አረንጓዴዎቹን ከበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ እከታቸዋለሁ። ሙዙ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያበስላቸዋል።

የበሰሉት ወደ ኦቨን ነው የሚሄዱት። ለሁለት እከፍልና የተቆረጠውን ፊት ወደ ላይ አድርጌ ትሪ ላይ እደረድራቸዋለሁ። ጨው፣ ዘይት፣ ያልተላጠ ነጭ ሽንኩርት። ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጎ መተው ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ምንም የተለየ ነገር አይታይም። ቀጥሎ ዙሪያቸው ይጨማደዳል፤ ውሃቸው ወፍሮ ትሪው ላይ ይጣበቃል፤ ጠርዛቸው ትንሽ ይጠቁራል። እዚህ ላይ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ራሱ ራት ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ከልጣጩ ውስጥ እንደ ቅቤ ተጨምቆ ይወጣል። ሁሉንም አንድ ላይ ስፈጨው ሱጎ ሆነ። በሶብላ በእጄ ቀንጠስ ቀንጠስ አድርጌ እጨምርበታለሁ፤ እሱም ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።

በሶብላው ነገር ያሳስበኛል። ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድ ሌሊት አይችልም፤ ቅጠሉ ይጠቁራል። ስለዚህ እሱን ብቻ በችኮላ እየቆረጥኩ በዘይት ፈጭቼ አስቀምጣለሁ። አንዷን ግን አበባዋን ለንቦቹ ትቼላቸዋለሁ።

ከዕለቱ የተረፈው ሱጎ ወደ ፍሪዘር ይገባል። ጠርሙስ ውስጥ ማሸግ የሚወዱ አሉ። እኔ አልደፍረውም። የቲማቲም ኮምጣጣነት እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ፣ የሎሚ ጭማቂ በልኩ ካልተጨመረበትና በአግባቡ ካልተቀቀለ አደገኛ ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። ፍሪዘር ይሻለኛል፤ እንቅልፍም አያሳጣኝም።

መስኮቱ ሥር ደግሞ የዘር ብርጭቆ አለ። ምርጥ ምርጡን ቲማቲም ከፍዬ ዘሮቹን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ እተዋቸዋለሁ። ዝልግልጉ ዘሩ እንዳይበቅል የሚያግድ ነገር አለበት። ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ይላቀቃል፤ ከዚያ አጥቦ ማድረቅ ነው። ሽታው ለቤተሰብ አይመችም። «ይሄ ነገር ይውጣ» የሚል ድምፅ ከሳሎን ይሰማኛል፤ አልሰማሁም።

ዱባዎቹን ከሐረጉ ጋር ከሚያያዛቸው እጀታ ጋር ቆርጬ ፀሐይ ላይ አስጥቻቸዋለሁ። ልጣጫቸው ሲጠነክር ብዙ ወር ይቆያሉ። እጀታው የተሰበረው ግን ቶሎ ስለሚበሰብስ አስቀድመን የምንበላው እሱን ነው።

የቀረኝ ነጭ ሽንኩርት መትከል ነው። ለእሱ መሬቱ ትንሽ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አለብኝ፤ ሥር ሰዶ ብርዱን በደንብ ካላገኘ በቅጡ አይከፋፈልም፣ አንድ ድቡልቡል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ትልልቆቹን ለዘር ብዬ ካርቶን ውስጥ ለይቻለሁ። ችግሩ፣ ኦቨኑ በተለኮሰ ቁጥር እጄ የሚሄደው ወደዚያው ካርቶን ነው። መሬቱ ቶሎ ካልቀዘቀዘ የሚተከል መትረፉን እንጃ።